ሠላሳ ኪሎ ሜትር በጾም

«ጥሩ አባት ነበርኩ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሲገጥመኝ ሳልጨርስ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። እኔ እንደዚያ ብዬ አልጀምርም። የምነግራችሁ የአንድ ዓርብ ነገር ነው፤ ገና ሳይነጋ ከቤት ከወጣንበት እስከ ማምሻው ያለው። ሰዓቱን የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው። ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የሰዓት ነገር ነው።

ያኔ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርኩ። ቶሮንቶ፣ ዌስተን በሚባል ሠፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጄ ከራሔል ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት መንዳት ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት አማርኛ ያስተምሩ ነበር። የስድስት ዓመት ልጄን ላደርስ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከእሷ ጎን ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ፣ እናቶቻቸው ደግሞ እንዳልሰማ አድርገው ሳቁ። ራሔል ፊደሉን በአንድ ወር ጨረሰችው፤ እኔ ዓመት ፈጀብኝ። ቤት ስንገባ እሷ መምህር፣ እኔ ተማሪ። ስሳሳት «አባዬ፣ ጣትህን አታንሳ» ትለኝ ነበር። ዛሬም ሳነብ ጣቴን ከወረቀቱ አላነሳም። እንግሊዝኛውንም በኋላ በዚያው ጣት ተማርኩት።

ሰዎች መራራ ነህ ይሉኛል። አልተሳሳቱም። የራሔል እናት አልማዝ፣ ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሆናት ቤተ ክርስቲያን ለወጠች፤ ጴንጤ ሆነች። በዚያ ተጣላን፣ በሌላ በሌላውም ተጣላን፣ እሷ ከከተማው ማዶ ስካርቦሮ ሄደች። ዛሬ እሷ ላይ ልፈርድ አይደለም የተነሳሁት፤ ያኔ ግን ስፈርድ ነበር የማድረው። ራሔል ከእኔ ጋር የቀረችው ለትምህርት ቤቷ ብላ ነው። እኔ ግን ለሰው የማወራው ለሃይማኖቷ ብላ ቀረች እያልኩ ነበር። «ልጄ እንኳን ሁዳዴን ረቡዕና ዓርብን አትገድፍም» እላለሁ፣ ሰው በጠየቀኝም ባልጠየቀኝም ጊዜ። አንዳንድ ቅዳሜና እሑድን እናቷ ጋ ውላ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ የምጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ «ምን በላሽ?» የእግዚአብሔርን ጾም በእኔና በእናቷ መካከል አጥር አድርጌ ተክዬው ነበር። ልጅቷ አጥሩ ላይ ነበር የምትኖረው።

ስኪ የጀመረችው በትምህርት ቤት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ከተራራ እንደሚወረወሩት ዓይነት አይደለም። በሜዳና በጫካ፣ ዳገት ቁልቁለቱን፣ በሁለት ቀጭን ሳንቃ እየተንሸራተቱ በሁለት ዘንግ እየገፉ ረጅም መንገድ የሚሄዱበት ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ሠርታበታለች። የሸሚዝ ካውያዬን ወስዳ በረንዳ ላይ ሰም እያቀለጠች ሳንቃዋን ትቀባለች፤ ሸሚዜ ሁሉ ሰም ሰም ይሸታል። ጌታቸው የሚባል የሥራ ጓደኛ አለኝ፤ ከመጋዘኑ ሰው ፊት ይጫወትብኛል። አንድ ቀን «ሩጫውስ በደማችን አለ ይሁን፣ ሳንቃውን ከየት አመጣሽው በላት እስቲ» አለኝ። ሳቅሁ። ውስጤ ግን በገነ። እሑድ እሑድ ልምምድ እያለች ከቅዳሴ መቅረት መጀመሯ ደግሞ ይብስብኝ ነበር።

ውድድሩ ከቶሮንቶ በስተሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ባለ ጫካ ነው። ሦስት ቀን የሚቆይ ሲሆን ዓርብ የሴቶች ረጅሙ ነበር፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ስለነበር የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋታል። ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ሙሉውን ገጽ በጣቴ አነበብኩት፤ ማታውን ሁሉ ፈጀብኝ። አንድ ጊዜ እንኳን «ላንብብልህ» አላለችኝም። እንድትሄድ አልፈልግም ነበር፤ ግን አንድ ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ ያለ ማንም እርዳታ አንብቤ ጨርሼ ሳልፈርም መነሳት አቃተኝ። ሳይን አደረግኩት። ሁሉም ልጅ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሠራተኛ ይዞ እንዲመጣም ይላል። «እኔ እመጣለሁ» አልኳት። ደስ ብሏት አንገቴን አቀፈችኝ።

ሐሙስ ማታ እራት በልተን እንደጨረስን ነገሩ መጣ። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት አጃ በውኃ ልበላ ነው። አሠልጣኜ የግድ ነው አለች። ወተት የለውም።»

«ስንት ሰዓት?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። መኪና ውስጥ።»

«ነገ ዓርብ ነው?»

«አዎ።»

«ሁዳዴ ነው?»

«ነው አባዬ። አንድ ቀን ብቻ ነው። ቄሱን ደውለህ ብትጠይቃቸውስ?»

የሰጠኋትን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ለሳንቃ ብዬ ቄስ አላስቸግርም። ወይ ጹሚ ወይ ተወዳደሪ። ልብላ ካልሽ ደግሞ ብዪ፣ የእናትሽ መንገድ ክፍት ነው።»

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ዝግ ብዬ ነው ያልኩት። አስቤበታለሁ። ውድድሩን ትተወዋለች ብዬ ነበር የቆረጥኩት። ካልተወችውም ትበላለች፣ ያን ጊዜ በእጄ የምይዝባት ነገር አገኛለሁ። ሁለቱም ይመቸኝ ነበር። ሦስተኛ መንገድ አለ ብዬ አላሰብኩም።

ሳህኑን አነሳች። አጥባ ስትጨርስ በእንግሊዝኛ «ኦኬ» ብላ ክፍሏ ገባች።

ስንነሳ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር። መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ መስኮቱን ስታይ ሄደች። አንዴ ብቻ፣ ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣ እጇን ጓንቷ ውስጥ እያፍተለተለች ቅዝቃዜው ለሰሙ ጥሩ ነው አለችኝ። አጃው የታለ ብዬ አልጠየቅኳትም። ይዛ እንዳልወጣች አይቻለሁ። ላቆምም እችል ነበር፤ ነዳጅ ለመቅዳት ቆሜ ምግብ የሚሸጥበት በር ላይ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ። ቡናው ይሸታል። እኔም ጾመኛ ነኝ። በራሴ ኮራሁ፣ በእሷም ኮራሁ። ኩራት ነው ያልኩት ያን ስሜት ነው።

ስልሳ አንድ ሴቶች ነበሩ። ቁጥሯን ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ስምንት። ከአሠልጣኟ ከኮቿ ጋር ጥቂት ተነጋገረች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ ግን ኮቿ አውራ ጣቷን ቀስራ ስትስቅ አየሁ። በኋላ እንደተረዳሁት «በላሽ?» ብላ ጠይቃት «አዎ» ብላታለች።

ውድድሩ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። መንገዱ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሆን ክብ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። እኔን ግማሹ ላይ፣ ጫካው መሃል፣ የመጠጥ ጠረጴዛ ጋ አቆሙኝ። አለቃዬ ቶኒ የሚባል ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚደርስ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ትልቅ ማሞቂያ ውስጥ ለብ ያለ ጣፋጭ መጠጥ አለ፣ የተቆረጠ ሙዝ አለ፣ ብስኩት አለ። ሥራውን ሲያሳየኝ እንዲህ ነው ያለኝ፤ ስኪ የሚሄድ ሰው እጁ ከዘንጉ ጋር በጠፍር ታስሯል፣ መቆምም አይፈልግም። ስለዚህ ኩባያውን ይዘህ አጠገቧ ትሮጣለህ፣ ወደ አፏ ታስጠጋለህ፣ ጠጥታ እስክትጨርስ አትለቅም። «ሕፃን እንደ ማብላት ነው» አለኝ። «ልጅ አለህ አይደል? ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ የማላውቃቸውን ሴቶች እየሮጥኩ አጠጣሁ። ሽፋሽፍታቸው ነጭ ሆኗል፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፤ እየጠጡ ያመሰግናሉ። አንዷ ሙዙን በጥርሷ ከጣቴ ነጥቃ ሄደች። ቶኒ ሁሉም ተመልሰዋል ወይ ብሎ ጣቶቼን አስቆጠረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር።

ራሔል መጀመሪያ ስታልፍ አራት ሰዓት ከሃያ ይሆናል። መካከል ላይ ካሉት ጋር ናት። ፈገግ አለችልኝ፤ ኩባያ አላነሳሁላትም፣ እሷም አልፈለገችም። ሁለተኛውን ዙር ስትመጣ አምስት ሰዓት አልፏል። አላየችኝም። ራቅ ብላ፣ ሳንቃው በሚንሸራተትበት በወዲያኛው ቦይ አለፈች፤ መጠጡን ላለማየት መሆኑን አውቄያለሁ። ቶኒ ልጅህ ጎበዝ ናት አለ። ናት አልኩት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ከሜዳው በኩል ነው የተነሳው፤ በረዶውን ከመሬት እያፈሰ ይወረውረዋል። ጠረጴዛችን ላይ ያለው ብስኩት በረረ፣ ባንዲራዎቹ ተጋደሙ፣ ሳንቃ የሚሄድበት ቦይ በረዶ እየሞላ ጠፋ። ሴቶቹ አንገታቸውን ቀብረው አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፤ አሁን ብዙዎቹ ቆመው ነበር የሚጠጡት።

ሠላሳ ስምንትን ከነጩ ውስጥ ስትወጣ አየኋት። ቀስ ብላ ነበር የምትመጣው፤ ዘንጓ አንዴ መሬት ይነካል፣ አንዴ አየር ይቀዝፋል። ኩባያ ሞላሁ። ለምን እንደሞላሁት እስከ ዛሬ አልመለስኩትም፤ እጄ ለምዶ ይሆናል። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ዓይኗ ኩባያው ላይ አረፈ፣ ከኩባያው ወደ እኔ መጣ።

«ስንት ሰዓት ነው አባዬ?»

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ልጄ የጠየቀችኝ ሰዓት አልነበረም። ይህን ያኔም አውቃለሁ። «ስጠኝ» ነበር የምትለው፣ እኔን ሳታዋርደኝ የምትልበት መንገድ አጥታ። ኩባያው በእጄ ነው። በእኔና በአፏ መካከል ያለው አንድ ክንድ አይሞላም።

እጅጌዬን ገልጬ ሰዓቴን አየሁ። «ለስድስት አምስት ጉዳይ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እሺ» አለች። ሄደች።

ቶኒ ለምን አላጠጣኻትም አለኝ። አልጠማትም አልኩት። ኩባያውን በረዶው ላይ ደፋሁት፤ ወዲያው ቢጫ ሆኖ ደረቀ።

ለመድረስ አምስት ኪሎ ሜትር ነበር የቀራት። ግማሽ ሰዓት ቢበዛ። ከእሷ በኋላ ሌሎች አለፉ። የመጨረሻዋ ስልሳ አንድ ቁጥር ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ኢንግሪድ የሚባሉ አሮጊት። ሁለት ኩባያ ጠጥተው፣ ቶኒን ሆድህን አውሰኝ፣ ነፋሱን ይከልልልኛል ብለው ቀልደው ሄዱ። ጠረጴዛውን አጣጠፍን። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል የቶኒ ሬዲዮ ተንጫጫ። ሁለት ሰው አልገባም። ስልሳ አንድ፣ እና ሠላሳ ስምንት።

ስልሳ አንዷ ይግባኛል፤ አሮጊት ናቸው፣ ኋላ ነው የወጡት። ሠላሳ ስምንት ከገባች ቆይታለች ብዬ ነበር። ኮቿ ጋ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ዘጠኝ ሰዓትን ትጠብቃለች ብዬ ነበር። ቶኒ ፊቴን አየና አፉ ተዘጋ። በዚያ ቀን ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በበረዶ ሞተር የምትዞር ወጣት ሴት መጣች። ሰው አልጭንም፣ ደንቡ አይፈቅድም አለችኝ። ሞተሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ውረድ አለች። ልጄ ናት አልኳት። ቶኒ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገራት፤ የራስ ቁሩን ከራሷ አውልቃ ሰጠችኝ።

መንገዱ አይታይም። ቀስ እያልን፣ እያቆምን፣ እየተጣራን ሄድን። «ራሔል» ስል ነፋሱ መልሶ አፌ ውስጥ ይከተዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ አንድ ዘንግ መንገዱ ላይ ተጋድሞ አየን። አጠገቡ ሁለት ሳንቃ በረዶው ውስጥ ቆሟል፤ ሰው እንዲያያቸው ኢንግሪድ የተከሏቸው የራሳቸው ሳንቃዎች ናቸው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ራሔል ነፋሱን ሽሽት እዚያ ሥር ገብታ ተቀምጣ ኖሯል። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ስላለፉ አላዩዋትም። አሮጊቷ ዘንጉን አይተው ቆሙ። ስንደርስ ጃኬታቸውን አልብሰዋት፣ ከኋላዋ ተቀምጠው አቅፈዋት፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ነበር። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በሹራብ ብቻ።

«አልበላም ትለኛለች» አሉኝ። በእጃቸው ቸኮሌት ይዘዋል። «ወተት አለው ወይ አለችኝ። አለው አልኳት። ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ሰዓት ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። ሰዓቱ ለምንድን ነው?»

 

ተንበረከክሁ። ዓይኗ ተከፍቷል ግን እኔን አያይም። አትንቀጠቀጥም። እኔ ጓንት ውስጥ እየተንቀጠቀጥኩ እሷ አትንቀጠቀጥም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ስሟን ጠራሁ። ከንፈሯ ተላቀቀ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ዘጠኝ ሆኗል ብዬ ልዋሻት ነበር። አንደበቴ ላይ ነበር። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ግን ብዋሻትም ቸኮሌቱ ወተት አለው፤ ሰዓቱ ቢደርስም በሁዳዴ ወተት አይፈቀድም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ጥርት አድርጌ።

ቸኮሌቱን ከሴትዮዋ እጅ ወሰድኩት። ድንጋይ ሆኗል። አፌ ውስጥ ከትቼ በጥርሴ ሰበርኩት። ከሐሙስ ማታ ወዲህ አፌ የገባ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ጣፋጩ ምላሴን አቃጠለኝ። አኘክሁት፣ ዋጥሁት። እንድታየኝ ፊቷን በእጄ ወደ እኔ አዞርኩ።

«ሰዓቱ አልደረሰም» አልኳት። «እኔ በልቻለሁ። ብዪ።»

አፌን ታይ ጀመር። ሁለተኛውን ቁራጭ አፌ ውስጥ አለስልሼ በጣቴ ወደ አፏ አቀረብኩ። ረጅም ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች። ልክ ሕፃን ሆና ስትታመም መድኃኒት እንደምትቀበለኝ። አላኘከችውም፣ አፏ ውስጥ ቀልጦ ወረደ። ሌላ ሰጠኋት። ሦስተኛው ላይ ጥርሷ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ከዚያ አገጯ፣ ከዚያ ትከሻዋ። ኢንግሪድ «ተንቀጠቀጠች፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያሉ ያለቅሱ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ በልቤ ከአንቱ ሌላ ብያቸው አላውቅም።

ሆስፒታሉ በአቅራቢያው ያለ ከተማ ውስጥ ነው። ሙቀቷ ወርዷል፣ ስኳሯ ወርዷል፣ የግራ እግሯ ሁለት ትናንሽ ጣቶች እንደ ሻማ ነጥተዋል። ሐኪሙ መጨረሻ የበላችው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ትናንት ማታ አልኩት። ብዕሩን አቁሞ አየኝ። ታማ ነበር ወይ አለኝ። አልታመመችም አልኩት። ጻፈው።

አልማዝ ከስካርቦሮ በዚያ አየር መኪና ነድታ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደረሰች። ሰላምታ የለም። ከልጇ ግንባር ላይ ከንፈሯን ሳታነሳ ቆየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አብልተሃት ነው ያወጣሃት?»

እኔ ሳልመልስ ራሔል ከአልጋው ላይ ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እኔ ነኝ ማሚ። አባዬ ብዪ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

አልማዝ እኔን አየችኝ። ሳልናገር ዝም ማለት የምችልበት ጊዜ ብዙ ነበረኝ በሕይወቴ፤ መናገር የነበረብኝ ግን ያን ጊዜ ነበር። ዝም አልኩ። ልጄ ከጥዱ ሥር ወጥታ አራት ሰዓት ሳይሞላት ደግሞ እኔን ልትሸከም ጎንበስ አለች፤ እኔም ወጣሁባት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሁለቱ ጣቶች ጫፍ ተቆረጠ። ቁስሉ ሲሽር ልብሷን ይዛ እናቷ ጋ ሄደች። አልተጣላንም። ካውያዬን አጽድታ፣ ሰሙን ፍቃ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ነው የሄደችው።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ቸኮሌቱን ነው ቀድሜ የነገርኳቸው፤ ሁዳዴን ገደፍኩ አልኩ። ስጨርስ «ጾም የታመመን፣ የደከመን እንዲገድል አልተሠራም። ለምን ደውለህ አልጠየቅከኝም?» አሉኝ። እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው፣ ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ ነው እያልኩ ዞርኩ። ጠበቁኝ። እሳቸው ሰው መጠበቅ ያውቃሉ። በመጨረሻ አወጣሁት። «ይፈቅዱላታል ብዬ ነው ያልጠየቅኩዎት።»

ይኸው ነው። ከዚያ ዓርብ ያገኘሁት እውቀት ይህ ብቻ ነው፣ ከፊደል ይልቅ ዘግይቶ የመጣ። ጾም መጥፎ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር ዛሬም እጣላዋለሁ፤ ዛሬም እጾማለሁ። ግን ልጄን ያስራብኳት እግዚአብሔርን ፈርቼ አልነበረም። እግዚአብሔር የሚላትን ፈርቼ ነበር። የእሱ ቃል ከእኔ ቃል ይለሰልስ እንደሆነ ጠርጥሬ፣ እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁት። ይህን የምታነቡ አባቶች፣ የእኔ ቢጤ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ምድር ቤት ስንገናኝ ወሬያችሁን እሰማለሁ። ልጃችሁ ሰዓት ስትጠይቃችሁ ሰዓታችሁን አትዩ፤ ፊቷን እዩ። ሌላ ምክር የለኝም፤ ምክር ለመስጠትም ደረጃ የለኝም።

በየክረምቱ ያን ጫካ እሄዳለሁ። ቶኒ ማሞቂያውን ለእኔ ለቆልኛል። ኢንግሪድ አሁንም መጨረሻ ነው የሚወጡት፤ አጠገባቸው እየሮጥኩ አጠጣቸዋለሁ። የሰዓቱን ነገር በሁለተኛው ዓመት ነገርኳቸው። ኩባያውን እንድሞላላቸው መለሱልኝ።

አልማዝ፣ ይህን የጻፍኩበት ጋዜጣ ስካርቦሮም እንደሚደርስ አውቃለሁ፣ ሰው ካላሳየሽም እኔ እልክልሻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅቷን «ግትር ነሽ፣ ራስሽን ልትገድዪ ነበር» እያልሽ ስትቆጪያት ሰምቻለሁ። ብዪ አላልኳትም። ጠየቀችኝ፣ ከለከልኳት። ኩባያው በእጄ ነበር። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ።

ራሔል አሁን ሰሜን ባለ ዩኒቨርሲቲ ናት። በስምንት ሙሉ የእግር ጣት ትወዳደራለች። ትጹም አትጹም አላውቅም፤ አልጠይቃትም። ብዙ አንደዋወልም። ግን ውድድር ባላት ቀን ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፎርክሊፍቱ ላይ ሳልወጣ ስልኬ ይንጫጫል። ለጓደኞቿ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው፤ ይህን ግን ምድር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን በተማርነው ፊደል ነው የምትልከው። አንድ ቃል ናት። ጓንቴን አውልቄ፣ ጣቴን ሳላነሳ፣ ፊደል በፊደል አነባታለሁ።

«በልቻለሁ።»

መልስ ለመጻፍ እቆያለሁ። ብዙ እጽፍና አጠፋለሁ። ከዚያ «እሺ» ብዬ እልካለሁ።